የማክሰኞ ውሃ

ባሕር ዳርን አልወዳትም ነበር። ዛሬ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ነው፤ ዝናብ እስኪያሰለች የሚዘንብበት አገር። ባለቤቴ ታደሰ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ተቀጥሮ ስንመጣ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ዘመድ የለኝ፣ ጓደኛ የለኝ፣ የሰዉን አነጋገር እንኳ ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ የመጀመሪያ ልጃችን መሠረት ጥርስ አላወጣችም ነበር። እኔና ታደሰም ተነጋግረን ጨርሰናል። ፋሲካ ሲያልፍ ልጄን ይዤ ወደ ጅማ እመለሳለሁ፤ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ዝውውር ይጠይቃል።

የመሄዴ ምክንያት ውሃ ነበር።

የዚያን ዓመት ድርቅ ሰሜኑን አገር ምን እንዳደረገው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኛ ከተማ የሐይቅ ዳር ከተማ ስለሆነች ውሃ ይቸግራታል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ግን ጣና ራሱ ሸሽቶ ነበር። ታንኳዎቹ ድሮ ከሚታሰሩበት ቦታ ላይ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ደርቋል። ከጢስ ዓባይ የሚመጣ ሰው ፏፏቴው ቀጥኖ ገመድ አክሏል እያለ ያወራል። ሰፈራችን የሚጠጣው ደግሞ ከምንጭ በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ነበር፤ ምንጩም ደከመ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ደንብ አወጣ። ቦኖው የሚከፈተው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን። ጠላ መጥመቅ ክልክል ነው። በቦኖ ውሃ ልብስ ሲያጥብ ወይም ግቢ ሲያርከፈክፍ የተገኘ ተራው ይሰረዛል። ለእጥበት የሐይቁ ውሃ አለ፤ ነገር ግን ሳይፈላ እንዳይጠጣ የጤና ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ አስጠንቅቀዋል። እሱንም ለማምጣት ከኛ ሰፈር ሐይቁ ድረስ ሄዶ፣ ያን ሁሉ ጭቃ ተሻግሮ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

በሁለት ጀሪካን እንዴት እንደኖርን ልንገራችሁ። ሰሃን በአመድ እንፈትጋለን። ምስር ያጠብኩበትን ውሃ አጠልለውና የልጄን የሽንት ጨርቅ አለቀልቅበታለሁ። ያንኑ እጣቢ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ ይቀበሉኝና የግቢያችንን ማንጎ ያጠጡበታል። ፊቴን የምታጠበው የሻይ ብርጭቆ በማታክል ውሃ ነው። ልጄን ሳጥብ በጣቴ እየነከርኩ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ግቢውን የምንጋራቸው የየኔታ ባለቤት ናቸው። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐይቁ ዳር አድባራት ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። በስተርጅና ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና ማስተማሩን ትተው ከማንጎው ሥር በርጩማቸው ላይ ይውላሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ለራሳቸው ያዜማሉ። እኔ ከሰላምታ አልፌ ብዙ አላወራቸውም፤ ለመሄድ የተሰናዳ ሰው ምን ወሬ አለው?

የቦኖው ቁልፍ የሚያዘው በጓድ ሙሉነህ ነበር። ከምሥራቅ ጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ፣ እያነከሰ የሚሄድ፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው። ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ ፊሽካ ይነፋል። አንድ ጊዜ ለልጄ ጨርቅ ማጠቢያ አንዲት ጣሳ እንዲጨምርልኝ ብለምነው፣

«እህቴ፣ ይህ ውሃ ለመጠጥ ነው። ለአንቺ ብጨምር ከኋላሽ ያለችውን ምን ልበላት?» አለኝ።

ተናድጄ ወደ ቤቴ ገባሁ። በሆዴ «ድንጋይ!» ብዬዋለሁ።

ያ ማክሰኞ ነፋሻማ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አቧራ እያነሳ ይጥላል። ታደሰ ወደ ፋብሪካው ሄዷል። መሠረት ጡት ጠብታ ከውስጠኛው ክፍል ተኝታለች። አዝያት ልሄድ ስል ከማንጎው ሥር የኔታ ድምፄን ሰሙ።

«ቀስቅሰሽ ለምን ታንገላቻታለሽ? ይህ ሁሉ አቧራ! ሂጂ ልጄ፣ እኔ እዚሁ አለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው፤ ካለቀሰች እሰማታለሁ።»

«የኔታ፣ እንዳላስቸግርዎ?»

«ምን ችግር አለው? ስታለቅስ አዜምላታለሁ።»

ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ጀሪካኖቻችንን ይዘን ወጣን። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ውሃው ደግሞ እንደ ክር ቀጥኗል። እኔ ሞልቼ አንዱን በገመድ አዝዬ ሁለተኛውን ሳነሳ አብዛኛው ሰው ቀድቶ ጨርሶ ነበር። ሴቶቹ በተርታ ወደ ሰፈሩ እየተመለሱ ነው። ከፊቴ ዘነቡ አለች። የልጆች እናት ናት፤ ባሏ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከኛ ግቢ ማዶ የምትኖር ሴት። ድንገት ቆመች።

«ያ ምንድን ነው? ይህ የምድጃ ጭስ አይመስልም።»

ቀና አልኩ። ጥቁር ጭስ ነፋሱ እያጋደመው ከጣሪያዎች በላይ ይሮጣል።

እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላዬ «የኛ ግቢ ነው!» ብለው ጮኹ።

ጀሪካኖቹን እንዴት እንደጣልኳቸው አላውቅም። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ሮጥኩ።

እሳቱ ከማን ምድጃ እንደተነሳ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ነፋስ አንስቶት የመጣ አንዲት ፍም ሳትሆን አትቀርም። የጋራ ማድ ቤታችን የሣር ክዳን ነበር፤ ስደርስ እንደ ችቦ ይነዳል። ነበልባሉ ከማድ ቤቱ አልፎ የቤታችንን የፊት በር ይዞታል። ጣሪያችን ቆርቆሮ ቢሆንም ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ ነው፤ ውስጥ ውስጡን እየሄደ ነበር።

ከማንጎው ሥር ያለው በርጩማ ባዶ ነው።

«የኔታ!» አልኩ። «የኔታ! ልጄስ?»

ወደ በሩ ስሮጥ አንድ ክንድ ወገቤን ያዘኝ። ዘነቡ ናት።

«ልቀቂኝ!»

«አልለቅሽም! በዚህ በር ብትገቢ አትወጪም!»

ነከስኳት መሰለኝ። እሷ ግን አልለቀቀችም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነገር እስክሞት አልረሳውም። ሴቶቹ እየሮጡ ደረሱ። ማንም አላዘዛቸውም፤ አንዷ አንዷን አላየቻትም። ጀሪካኑን ከጀርባቸው አውርደው፣ ክዳኑን ፈትተው በሩ ላይ ይደፉት ጀመር። ያ ውሃ እስከ ቅዳሜ የሚጠጡት ውሃ ነው። ልጆቻቸው የሚጠጡት ውሃ ነው። እዚያች ቦኖ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው፣ ጠብታውን ሳይቀር ተጠንቅቀው የቀዱት ነው። ዘነቡ እኔን ለእትዬ ጥሩወርቅ አስይዛ ሄደችና የራሷን ጀሪካን አነሳች። ቤቷ ስንት አፍ እንደሚጠብቃት አውቃለሁ። ለአፍታ እንኳ ሳታመነታ ገለበጠችው።

ጓድ ሙሉነህ እያነከሰ፣ መጥረቢያ ይዞ ደረሰ። «ማን አለ ውስጥ?» አለ።

«ልጄ!» አልኩት።

«የኔታም የሉም» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ልጅቷን ሊያወጡ ገብተው ነው። አውቃቸዋለሁ፣ ገብተው ነው።»

በሩ ላይ ያ ሁሉ ውሃ ሲፈስ እሳቱ ፊቱን ዞር ያደርግና መልሶ ይነሳል። እንፋሎቱ ያቃጥላል። ጓድ ሙሉነህ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ቅንድቡ ተለብልቧል። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አንስተው፣

«ዝም በሉ! እስቲ ሁላችሁም ዝም በሉ!» አሉ።

ሰዉ ዝም አለ። የእሳቱ መንጣጣት ብቻ ይሰማል። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ፣ ጓ... ጓ... ጓ።

«መቋሚያው ነው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ግድግዳውን እየመቱ ነው!»

ዞረን ወደ ጀርባው ሮጥን። ከግድግዳው ውስጥ፣ ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«በዚህ ነን! በዚህ በኩል! ሕፃኗ አለች!»

ጓድ ሙሉነህ መጥረቢያውን ሰነዘረ። ጭቃው ለወራት ፀሐይ ያቃጠለው፣ ጭድ ያጠነከረው ግድግዳ ነው፤ እንደ ድንጋይ አነጠረው። ደገመ። ፍርፋሪ ብቻ ወደቀ።

«ውሃ!» አለ። «በሩን ተዉትና እዚህ አምጡ! ጭቃውን አርሱልኝ!»

ያለው ውሃ ሁሉ መጣ። ጀሪካኑ ሲያልቅ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሮጠው የእንስራቸውን፣ የጋናቸውን፣ ለጠበል ያስቀመጡትን ሳይቀር አመጡ። ግድግዳው ውሃውን እየጠጣ ጠቆረ፣ ለሰለሰ። እሱ በመጥረቢያ ማገሩን ይቆርጣል፤ እኛ በእጃችን ጭቃውን እንዝቃለን። ጥፍሬ ሲነሳ አልተሰማኝም። በመጨረሻ ቀዳዳ ተከፈተና ጭስ ገንፍሎ ወጣ። ከጭሱ ጋር የጋቢ ጥቅልል ወጣ።

ተቀበልኩት። ገለጥኩት። መሠረት ዓይኗ ተከድኗል፤ ፊቷ ጥላሸት ለብሷል። ድምፅ የላትም።

«ስጪኝ!» አለች ዘነቡ፤ ከእጄ ነጠቀችኝና ፊቷን ወደ ታች ደፍታ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። አንዲት ሴት በመዳፏ ውሃ አምጥታ ግንባሯ ላይ አፈሰሰች። ዓለም ቆሞ ነበር። ከዚያ ልጄ ሳለች፤ ከሳሏ ኋላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። የዚያን ዓይነት ጣፋጭ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

የኔታን በትከሻቸው ጎትተው አወጧቸው። እጆቻቸው ተላልጠዋል፣ ጢማቸው ተቃጥሏል፤ መቋሚያቸውን ግን አልለቀቁም። እሳቸው እንደወጡ ኮርኒሱ ከነማገሩ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ማንጎው ሥር አስቀመጥናቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ሳለቅስ፣

«ተነሽ ልጄ፣ ምን ሆንሁና ነው?» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ጭሱ ሸተተኝ። ወዲያው አለቀሰች። ለሌላው ሰው ጭስ ነው፤ ለኔ ግን ያው የለመድሁት ጨለማ ነው። ግድግዳውን ይዤ በድምፅዋ ሄድሁ። ታቅፌያት ስመለስ በሩ ፊቴን ፈጀኝ። ተመልሼ ከጥግ ተኛሁባት፤ መሬቱ ላይ ትንሽ አየር አለ። የቀረውን እግዜር ያውቃል አልሁ።»

«ውሃ ስጧቸው፣ ጉሮሯቸው ደርቋል» አለ ጓድ ሙሉነህ።

ተፈለገ። ከዚያ ሁሉ ጀሪካን ውስጥ ውሃ የለም። ዘነቡ ባዶዎቹን አንድ በአንድ ስታጋድል ከአንዱ ሥር ጉንጭ የምትሞላ ተገኘች። በጣሳ አድርጋ አቀረበችላቸው። የኔታ በእጃቸው ዳሰሷት።

«ሁዳዴ አይደል እንዴ? ሰዓቱ ገና ነው» አሉ። «ለእናቲቱ ስጧት። የምታጠባው እሷ ናት።»

ጠጣሁት። ቀና ስል ግቢውን አየሁ። ጀሪካኖቹ በየቦታው ተጋድመዋል፤ ክዳናቸው ተበትኗል፤ መሬቱ ረክቷል። ሴቶቹ በጭቃ ተለውሰው ቆመዋል። አንዷም ስለ ውሃው ቃል አልተነፈሰችም። ሁሉም መሠረትን ነበር የሚያዩት።

ጓድ ሙሉነህም ያንን ግቢ ለረጅም ጊዜ አየው። እያነከሰ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ፊሽካ ሰማን።

ሰዉ ግራ ተጋባ። ቦኖው ከተዘጋ ቆይቷል። ሄደን ስናይ ከፍቶታል። ከውሃ ኮሚቴው አንዱ አጠገቡ ቆሞ፣

«ጓድ ሙሉነህ፣ ያለ ሰዓቱ? ይህ በኋላ አሻጥር ይባላል፣ ታውቀዋለህ» ይለዋል።

«የነዚህን ሴቶች ተራ እሳት ወሰደባቸው» አለው። «የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ።»

ውሃው ስለ ደከመ ለየቤቱ የደረሰው የጀሪካን ግማሽ ነው። በዚያች ግማሽ ሰፈሩ ቅዳሜን ጠበቀ። በዚያን ጊዜ አሻጥር የምትል ቃል ሰውን ምን እንደምታደርግ የደረሰባችሁ ታውቃላችሁ፤ ላልደረሰባችሁ ለመንገር ይከብዳል።

በዚያው ሳምንት ጓድ ሙሉነህን ቀበሌው ጠራው። ወሬው በሰፈሩ ሲዳረስ ከሴቶቹ አንዷም ቤቷ አልቀረችም። ዘነቡ ልጆቿን አስከትላ፣ እኔ መሠረትን አዝዬ፣ የየኔታን መቋሚያ በጫፉ ይዤ እየመራኋቸው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። እጆቻቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ስንገባ ሊከለክለን አስቦ፣ ብዛታችንን አይቶ ተወው።

ኃላፊው «ይህ ሁሉ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» አለ።

የኔታ መለሱ። «ጌታዬ፣ ምስክር ነን። ይህ ሰው ውሃ አባከነ ከተባለ፣ የባከነው ውሃ ይቺውና።» እጃቸውን ዘርግተው የልጄን ጭንቅላት ፈለጉ፤ አገኙት። «እኔንም ጨምሩ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መሠረትን አየ፣ ፋሻውን አየ። በመጨረሻ ጓድ ሙሉነህ ደንብ ስለጣሰ ከቦኖው ኃላፊነት እንዲነሳ ተወሰነ፤ ሌላ ነገር አልደረሰበትም። ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ዘነቡ «ከሹመት ለተሻረ ሰው እልል ስንል የመጀመሪያችን ነው» ስትለው ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር ሰው ነበር፤ እስከዚያ ቀን አላየሁትም።

ታደሰ ያን ማክሰኞ ከፋብሪካ መጥቶ የተቃጠለውን ቤት ሲያይ መሬት ላይ ተቀመጠ። የኔታና እትዬ ጥሩወርቅ ካላቸው ሁለት ክፍል አንዱን ለቀቁልን። ሰዉ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የሕፃን ልብስ አመጣ። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ላመሰግን በየቤቱ ዞርኩ። ምን ብዬ እንደማመሰግን ስጨነቅ ነበር ያደርኩት። በዘነቡ በር ላይ ቆሜ «እንዴት ብዬ...» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ። ክንዷ ላይ የጥርሴ ምልክት ይታያል።

«ለምስጋና ነው የመጣሽው? በይ ግቢ፤ ሽሮው ሊቀዘቅዝ ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ «እኔ ምን አደረግሁ? ዝም በሉ አልሁ እንጂ» አሉኝ።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ታደሰ አንድ ቀን «እንግዲህ ለጅማው ጉዞ መቼ ትነሻለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት እንባዬ መጣ። «የት ነው የምሄደው?» አልኩት። እሱም ዳግመኛ አላነሳውም። በሰኔ ዝናቡ ሲመጣ የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆመበት። የኔታ ጥምጣማቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ላይ አደረጉ። ቤታችንን እንደገና የሠራነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጭቃውን የረገጠው የሰፈሩ ሰው ነው።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። የኔታ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖረው መሠረት ፊደል ስትቆጥር ሰሙ፤ ከዚያ አረፉ። እትዬ ጥሩወርቅም ተከተሏቸው። ጓድ ሙሉነህ፣ በኋላ ጋሽ ሙሉነህ ያልነው፣ የልጄ የክርስትና አባት ያህል ሆኖ አርጅቶ ነው የሞተው። ዘነቡ አለች፤ ባሏም በሰላም ተመልሶላታል። አሁን ሁለታችንም ጉልበታችን ከድቶን ቁጭ ብለን እናወራለን። ያ ክንዷ ላይ ያለው ምልክት ከጠፋ ቆየ፤ እኔ ግን ቦታውን አውቀዋለሁ።

ሰው ከሰው ጋር መኖር ምን እንደሆነ የተማርኩት በዚያ አንድ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት ማለት ግድግዳ የሚጋራ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሞልቶ ከተረፈው የሚሰጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጠው። እነዚያ ሴቶች ግን የሰጡኝ የሌላቸውን ነው። ስሜን እንኳ በቅጡ የማያውቁ ነበሩበት። እኔም የብዙዎቹን ስም የጠየቅኩት በማግሥቱ፣ ላመሰግን ስዞር ነው።

መሠረት ዛሬ የልጆች እናት ናት። ታሪኩን መጀመሪያ የነገርኳት ትንሽ ልጅ እያለች ነው። እሳቱን፣ የኔታን፣ ግድግዳውን ሁሉ አወራሁላት። እንደ ልጅ ስለ እሳቱ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ታዲያ እነሱ ምን ጠጡ?» አለችኝ።

አቅፌ ሳምኳት። እናንተም ይህን ካነበባችሁ በኋላ አንድ ነገር ብለምናችሁ ደስ ይለኛል። ዛሬ አንድ ሰው አንድ ነገር ቢሰጣችሁ፣ አመስግናችሁ ስትጨርሱ ያቺን የልጄን ጥያቄ ጠይቁ።